ለ52 አባላት፣ በ20,000 ብር፦ የትንሽ ጂም የገና ምስጋና

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ላስታውስ። ገርጂ አካባቢ 60 ካሬ በሆነ አንድ ክፍል የኤሮቢክስና የቀላል ክብደት ስልጠና ትሰጫለሽ። 52 አባላት አሉሽ፣ ወርሃዊ ክፍያው 2,500 ብር ነው፣ ከአንቺ ጋር ሁለት አሰልጣኞችና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አሉ። ለገና አባላቱን ለማመስገን 20,000 ብር ይዘሻል። ያሰብሽው ለሁሉም ሎጎ ያለበት ቲሸርት ማደልና በጥር ለሚመዘገቡ አዲሶች በግማሽ ዋጋ መክፈት ነው። እኔ ሁለቱንም ተያቸው እላለሁ።

ከቲሸርቱ ልነሳ። ክብደት ለመቀነስ ጂም የገባ ሰው መስማት የማይፈልገው ጥያቄ ቢኖር «ስንት ቁጥር ነው የምትለብሺው?» የሚለው ነው። ሳትጠይቂ በግምት ብታመጪ ደግሞ ይብሳል። ኤክስኤል የደረሳት «እንዲህ ነው እንዴ የሚያዩኝ» ትላለች፤ ሚዲየም የደረሳት ሲጠባት አጣጥፋ ታስቀምጠዋለች። የህትመቱም ነገር አለ። ርካሹ በሙቀት የሚለጠፈው ላስቲክ ነው፣ እሱ ደግሞ በላብና በተደጋጋሚ እጥበት ጠርዙ ይነሳል። ሰብሊሜሽን (ቀለሙ በሙቀት ክሩ ውስጥ የሚገባበት ህትመት) አይላጥም፣ ነገር ግን የሚይዘው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ፖሊስተር ላይ ብቻ ነው፤ ጥጥ ላይ ወዲያው ይደበዝዛል። ይህ ሁሉ ቢሳካ እንኳ ደረቱ ላይ የአንቺ ስም የተጻፈበት ልብስ ማስታወቂያ እንጂ ምስጋና አይመስልም።

የግማሽ ዋጋው ጉዳይ የበለጠ ያሳስበኛል። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ስትለቂው መጀመሪያ የሚያዩት ነባሮቹ አባላት ናቸው። ዓመቱን ሙሉ 2,500 የከፈለች ሴት ትናንት የመጣችው በ1,250 እንደገባች ስታውቅ የሰጠሻት ስጦታ ሁሉ ይሻርባታል። አዲስ ሰው ከፈለግሽ በታኅሣሥ አንድ ሳምንት መርጠሽ እያንዳንዱ አባል አንድ እንግዳ በነፃ ይዞ እንዲመጣ ፍቀጂ። ለኤሮቢክስ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ካሬ ያስፈልጋል፤ ያንቺ ክፍል ስለዚህ 15 ሰው ነው የሚይዘው። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከ4 በላይ እንግዳ አታስገቢ፣ ስም ቀድሞ ይመዝገብ፤ አለዚያ ነባሯ አባል ቦታ አጥታ በር ላይ ትቆማለች። እንግዶቹ ከነባሮቹ እኩል ለመሄድ ሲሉ በመጀመሪያው ቀን ራሳቸውን ስለሚጎዱ፣ አሰልጣኙ በ20ኛው ደቂቃ አካባቢ እንዲያሳርፋቸው ንገሪው።

አሁን ከስጦታው በፊት ያለውን ዕዳ እንይ። ዋዜማውን፣ የበዓሉን ዕለትና ማግስቱን ትዘጊያለሽ እንበል። 2,500 ለ30 ሲካፈል በቀን 83 ብር ከ33 ሳንቲም ነው፤ የሦስት ቀኑ 250 ብር፣ ለ52 ሰው 13,000 ብር ይሆናል። አባላቱ የከፈሉበትና ያላገኙት አገልግሎት ስለሆነ ይህን እንደ ስጦታ አትቁጠሪው። ከሣጥንሽ ጥሬ ገንዘብ አያወጣም፤ የሁሉንም ማብቂያ ቀን በሦስት ቀን መግፋት ብቻ ነው። ነገር ግን የጥር ክፍያም በዚያው ልክ ዘግይቶ ስለሚገባ ኪራይሽ የሚከፈልበትን ቀን አስቢበት። ለውጡን ከመዝጋትሽ በፊት መዝገቡ ላይ አስገቢና ለእያንዳንዱ በስሙ ላኪለት፦ «የአባልነትዎ ማብቂያ ከጥር 12 ወደ ጥር 15 ተዛውሯል።» ሰው መጥቶ እስኪጠይቅ ከጠበቅሽ ደፋሩ ያገኛል፣ ዝምተኛው ይቀርበታል። ዝምተኛው ደግሞ አንድ ቀን ሳይናገር የሚለቅሽ ነው።

ስጦታው እንግዲህ ፎጣ ይሁን። ቁጥር አይጠየቅበትም፣ ጾም አይከለክለውም፣ በየቀኑ ያስፈልጋል። 30 በ50 ሴንቲሜትር የሆነ ለላብ ይበቃል፤ ትልቅ ፎጣ ዋጋውም ቦርሳ ውስጥ የሚይዘውም ቦታ ይበዛል። መቶ በመቶ ጥጥ መሆኑን ቀላሉ መፈተኛ ውኃ ነው፤ ጥቂት ጠብ ስታደርጊበት ጥጡ ይጠጣዋል፣ ፖሊስተር የበዛበት ላዩ ላይ ያንከባልለዋል። አዲስ ፎጣ ግን ጥጥም ቢሆን ፋብሪካ በሚቀባው ማለስለሻ ምክንያት መጀመሪያ ላይ ውኃ ሊገፋ ስለሚችል ፍርዱን ካጠብሽው በኋላ ስጪ። ለዚህም፣ ቀለም መልቀቁን ለማየትም፣ ሁሉንም ከማዘዝሽ በፊት አንድ ገዝተሽ ሁለት ጊዜ እጠቢ። ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ፊት ላይ ቀለም ሲያስቀሩ መጥፎ ነው። 52ቱንም ከማደልሽ በፊት አንዴ ማጠብና ማድረቅ ድካም ቢሆንም ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። የሸማኔ ፎጣ ከወደድሽ፣ እኔ እሱን አስቀድማለሁ፣ ትእዛዙን ኅዳር ሳይጋመስ ስጪ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሽሮ ሜዳ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ከታኅሣሥ መግቢያ ጀምሮ ሸማኔው እጁ የተያዘ ነው፣ የቀጠረሽን ቀን ሊጠብቅልሽ አይችልም። 56 እዘዢ፣ አራቱ መጠባበቂያ ናቸው። ሎጎ አታድርጊበት።

ከፎጣው የበለጠ ግን ዋጋ ያለው አብሮት የሚታሰረው ካርድ ነው፤ ብዙ ቤቶች የሚሳሳቱትም እዚሁ ላይ ነው። ታትሞ የመጣ «ውድ ደንበኛችን» ማንም አያነበውም። በእጅ ጻፊው፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል፦ ስሟ፣ አንቺ ወይም አሰልጣኙ በዓይናችሁ ያያችሁት አንድ ነገር፣ ምስጋና። ያያችሁትን ከመገኘት መዝገቡ ታወጪዋለሽ። «በሐምሌው ዝናብ አንድም ማክሰኞ አልቀረሽም።» «አዲስ የመጡትን ማት አንጥፈሽ የምትቀበዪው አንቺ ነሽ።» «ጉልበትዎ እያመመዎት እንኳ ደረጃውን ወጥተው መጥተዋል።» ስለ ክብደት አንድም ቃል አይግባ። «ስንት ኪሎ ቀነስሽ» የሚል ምስጋና በሚቀጥለው ወር ኪሎው ሲመለስ እፍረት ይሆናል፣ ሰውም ከዚያ በኋላ ይቀራል።

ለአንድ ካርድ 4 ደቂቃ ብትይ 52ቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳሉ። በአንድ ሌሊት ከተጻፉ ከ20ኛው በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ በቀን 8 እያላችሁ በሰባት ቀን ጨርሱት። አሰልጣኞቹ የራሳቸውን ሰዎች ይጻፉ። ስም ስትጽፉ ከምዝገባ ቅጹ ቅዱ እንጂ በጆሮ አትጻፉ። ሣራ በንጉሡ «ሠ» ነው የምትጽፈው ወይስ በእሳቱ «ሰ»? ኃይሉስ በየትኛው «ሀ» ነው? ለባለስሙ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አንቺም፣ አንተም፣ እርስዎም በየቀኑ እንደምትጠሩዋቸው ይሁን፤ ሁልጊዜ «እርስዎ» የሚባሉትን አባት በካርድ ላይ «አንተ» ማለት፣ በስም የምትቀራረቢያትን ልጅ ደግሞ «እርስዎ» ማለት ሁለቱም ያስከፋል።

ካርዱ ላይ «መልካም ገና» ከማለት «ስለዚህ ዓመት እናመሰግናለን» ማለት ይሻላል፤ ሙስሊም አባላትሽም እኩል የሚቀበሉት ይሆናል። ለእነሱ ደግሞ በረመዳን ከኢፍጣርና ከተራዊህ ጋር የማይጋጭ ሰዓት መክፈት ከማንኛውም ስጦታ በላይ ነው። ዒድ በጨረቃ ስለሚታወቅ የመዝጊያ መልእክቱን ሊሆኑ ለሚችሉት ለሁለቱም ቀናት አዘጋጅተሽ ማታ ትክክለኛውን ትለቂያለሽ።

የቡና ፕሮግራም እንዲኖር እመክራለሁ፣ ቀኑ ግን በዘፈቀደ አይመረጥም። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባ ከገና በፊት የምታቀርቢው ሁሉ የጾም መሆን አለበት፤ የወተት ቸኮሌትም፣ ከወተት የሚሠራው ዌይ ፕሮቲንም አይሆኑም። በጾሙ የሥራ ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምሱ ስላሉ የጠዋት ቡና እነሱን ከሩቅ ተመልካች ያደርጋቸዋል። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ነው። የሚቀረው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ እህል ውኃ እስከ ሰዓት አይከለከልም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ የሚሄድ ስለሚበዛ በዚያ ሰሞን ያለውን ቅዳሜ ዝለዪና ከታኅሣሥ 5 እስከ 15 ባለው ውስጥ ምረጪ። ስልጠናው ከ1:30 እስከ 2:30፣ ቡናው ከ2:45 እስከ 4:00።

ለ50 ሰው ለአቦል 500 ግራም ጥሬ ቡና ይበቃል፤ ሲቆላ ወደ 400 ግራም ይወርዳል፣ ይህም ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ነው። ቶና ከዚያው ይወጣል። 3 ኪሎ ቆሎ፣ 1 ኪሎ የፈንዲሻ በቆሎ (ይተርፋል)፣ በ5 ኪሎ ዱቄት ሁለት ትልልቅ ድፎ፣ 60 ሙዝ፣ ውኃ። ድፎውን የሚጋግረው ሰው ቅቤ እንዳይቀባው አስቀድመሽ ንገሪው። ቡናውንና ቆሎውን በዓሉ ሲቃረብ ዋጋ ስለሚወጣ ከሦስት ሳምንት በፊት ግዢ፣ ሁለቱም አይበላሹም።

እባክሽ ከሰል ክፍሉ ውስጥ አታስገቢ። ሰዉ ሠርቶ ገና እያለከለከ ነው፣ መስኮቱ ለብርድ ተዘግቷል፤ የከሰል ጋዝ ሽታ ስለሌለው ማንም ሳያውቀው ራስ ምታትና ማዞር ይጀምራል፣ ከዚያም በላይ ሊሄድ ይችላል። ቡናው በረንዳ ላይ ይቆላ፣ ውስጥ በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። አስም ያለበት ሊኖር ስለሚችል ዕጣኑም እዚያው ውጭ ይቅር። ቄጠማ ማማሩ እውነት ነው፣ ግን እርጥብ ቄጠማ በጎማ ወለል ላይ ያንሸራትታል፣ ቁርጥራጩም ትሬድሚሉ ቀበቶ ሥር ይገባል። ረከቦቱ ባለበት ጥግ ብቻ ጎዝጉዢ፣ ማቶቹን አንሺ፣ የዕለቱን ቀጣይ ስልጠና ሰርዢ።

ቅዳሜ የማይመጡ አሉ፤ በተለይ ጠዋት 12 ሰዓት መጥተው ወደ ሥራ የሚሮጡት። ለእነሱ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ሲወጡ ፎጣውንና ካርዱን አሰልጣኙ በእጁ ይስጣቸው። ፎጣ ሪሴፕሽን ላይ ተቆልሎ «አንድ አንድ ውሰዱ» ከተባለ ድካሙ ሁሉ ባከነ። ፎቶ ሳታስፈቅጂ አትለጥፊ፤ ጂም መመዝገቧን ለቤተሰቧ ያልነገረች፣ ፀጉሯን ያልሸፈነች፣ ላብ በላብ ሆና መታየት የማትፈልግ ትኖራለች። ዕጣ የሚባለውንም ተይው፣ አንዱን አስደስቶ 51ዱን ባዶ እጅ ይሸኛል።

ሒሳቡ፦ ፎጣ 56 በ220 ብር ጣሪያ 12,320፤ የቡናው ቀን 4,500፤ ካርድ፣ ፖስታና ማሰሪያ 1,500። ድምሩ 18,320 ነው፣ 1,680 ይተርፍሻል። ፎጣው ከ220 ካለፈ መጠኑን አሳንሺ እንጂ ቁጥሩን አትቀንሺ። የአሰልጣኞቹና የጽዳት ሠራተኛዋ የበዓል ጉርሻ፣ የሕንፃው ጥበቃም ጭምር፣ ከዚህ 20,000 ውስጥ መውጣት የለበትም፤ ከደመወዝ ጋር የሚታሰብ ስለሆነ ሌላ ብር መድቢለት፣ ከአባላቱም ስጦታ ቀድሞ ይድረሳቸው።

በጥር ዋጋ ለመጨመር ካሰብሽ ማስታወቂያው ከምስጋናው ቢያንስ በአንድ ወር ይራቅ። ከገና ማግስት ደግሞ «የበላችሁትን ዶሮ እናቃጥል» የሚል መልእክት አትላኪ፤ ሰው ከረጅም ጾም ወጥቶ ከቤተሰቡ ጋር የበላውን አታሳፍሪበት። ገና ታኅሣሥ 29 ውሎ (በዘመነ ዮሐንስ 28) ስትከፍቺ፣ ሆድ ገና ከቅቤና ከሥጋው ጋር ስላልተላመደ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት 35 ደቂቃ ቀላል እንቅስቃሴ ይሁኑ፤ ዝላይና የሆድ ስፖርት በሦስተኛው ቀን ይጀምር። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ስለሆነ የዚያንም መዝጊያ በገናው የመዝጊያ መልእክት ላይ ጨምረሽ አሳውቂ፣ ቀኑንም እንደ ገናው መልሺ።