ጋላፓጎስ ላይ አስጎብኚ መሆን ለምትፈልገው እህቴ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አራት ኪሎ ባዮሎጂ ተምረሽ ከተመረቅሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፤ አሁን ፒያሳ ትኬት ቢሮ ትሠሪያለሽ። ጋላፓጎስ ላይ በመርከብ እየዞሩ እንስሳት የሚያስጎበኙ ሰዎችን ቪዲዮ አይተሽ ልብሽ ተሰቅሏል። ሜክሲኮ አካባቢ ያለ አንድ ደላላ ደግሞ «60 ሺህ ብር አምጪና በአስጎብኚነት ላስቀጥርሽ» ብሎሻል።

ብሩን እንዳትሰጪ። ጋላፓጎስ የደቡብ አሜሪካዋ አገር የኢኳዶር ደሴቶች ነው፤ ከዋናው ምድር 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። እዚያ ለማስጎብኘት የብሔራዊ ፓርኩ ፈቃድ የግድ ነው፤ ቅድሚያውም ለደሴቶቹ ነዋሪዎች ነው። ደላላ የሚያመጣው ነገር አይደለም። ደግሞም የባሕር ሠራተኞችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት (2006 እ.ኤ.አ.) ቀጣሪ ኤጀንት ከሠራተኛው የማስቀጠሪያ ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል።

ሥራውን ግን ወድጄልሻለሁ። ቪዲዮው ላይ የማይታየውን ልንገርሽ። አንድ አስጎብኚ ቢበዛ 16 ሰው ይዞ ከመርከቡ በጎማ ጀልባ ይወርዳል። የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ እንዳይወድቁ ይጠብቃል፤ እንስሳቱ ሰው ስለማይፈሩ ከ2 ሜትር ባነሰ ርቀት እንዳይጠጓቸውም ይቆጣል። መሃል ላይ አንዱ የባሕር ኢጓና ፍጭጭ አድርጎ ከአፍንጫው ጨው ይረጫል። ሁሉም ይስቃል። «ምን ሆኖ ነው?» ይሉሻል። ባሕር ውስጥ ገብቶ አልጌ ስለሚበላ ጨው ይበዛበታል፤ ከዓይኑ በላይ ያለ ዕጢ አጣርቶ ያስወጣለታል። ይህን በአንድ ደቂቃ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሳይሸት መንገር ነው ሙያው።

ሲቪሽን አየሁት። ውጤትሽ ሁለት መስመር ይዟል፤ ሰው ይዘሽ የወጣሽበት አንድም ቀን የለም።

እንግዲህ ከዚህ እንጀምር። የኛ ሰሜን ተራሮችና ጋላፓጎስ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በአንድ ዓመት፣ በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መሃል ናቸው። ጭላዳውም አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ሣሩን ይነጫል እንጂ አይሸሽም። ለጀልባው ደግሞ አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ አለልሽ፤ አዞና ጉማሬ በጀልባ ይጎበኛል። ትኬት ቢሮ መሆንሽ ጥሩ ነው፤ አስጎብኚ ድርጅቶችን ታውቂያለሽ። በረዳትነት አስወጡኝ በያቸው፣ የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች ለአበልም ቢሆን ውጪ። ማታ ማታ ስፓኒሽ አጥኚ። እንደ አንታርክቲካ ወዳሉ ቦታዎች የሚሄዱ መርከቦች የተለያየ አገር ባለሙያ ይቀጥራሉ፤ የሚጠይቁሽ ግን የመስክ ልምድ ነው። መርከብ ላይ ለመሥራት የሚያስፈልገው የባሕር ደህንነት ሥልጠና ያኔ ይደርሳል፤ አሁን ብር አታውጪበት።

ቅዳሜ ጠዋት ጊዮርጊስ ደጅ ሂጂ። አንገቷ ላይ ነጭ ኮሌታ ያላትን ርግብ ፈልጊ። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ሌላ የትም የለችም፤ እኛ ግን በየቀኑ አጠገቧ እናልፋለን። ስለ እሷ የአንድ ደቂቃ ወሬ ስልክሽ ላይ ቅጂና ማክሰኞ ይዘሽልኝ ነይ። ደላላው ከደወለ አታንሺለት።