ስልኩን ማን ከፈተላቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጠበቃ። ከጓደኞቼ ጋር የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ፖለቲካም ቀልድም እናወራበታለን። ባለፈው ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብዬ ሄጄ ነበር። መርማሪው እኔ የጻፍኩትን ቃል በቃል አነበበልኝ። ስልኬ ከተመለሰልኝ ወዲህ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ስደውልም የሆነ ድምፅ ይሰማኛል። ተጠልፌያለሁ ማለት ነው? ለብሔራዊ ደኅንነት ከተባለ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የሰው ስልክ መጥለፍ ይቻላል? መክሰስስ እችላለሁ? ለጥንቃቄ ብዬ ግሩፑን አጥፍቼዋለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያቆመችኝ አንዲት ሐረግ ናት፤ «ስልኬ ከተመለሰልኝ ወዲህ»። ከማን ነው የተመለሰልህ? መቼ ተወሰደ? ስንት ቀን ቆየ? የይለፍ ቃሉን ማን አስገባው? ስለዚህ ሁሉ አንድ መስመር የለም። ስለ ባትሪው ግን ነግረኸኛል።

እስቲ ልገምት። ተጠርተህ ሄድክ። መርማሪው አልጮኸብህም፣ ወንበር ሰጠህ። «የምትደብቀው ነገር ከሌለ እስቲ አንዴ እንየው» አለህ። አንተም ምን አለብኝ ብለህ ጣትህን ስክሪኑ ላይ አሳርፈህ አቀበልከው። ስትወጣ አንድ ወረቀት ላይ ፈረምክ፣ ምናልባት ሳታነበው። ተሳስቼ ከሆነ ጻፍልኝና ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ካልተሳሳትኩ ግን ጉዳይህ የጠለፋ ጉዳይ አይደለም።

የጠየቅከውን ቶሎ ልጨርስልህ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ቤትህ፣ አካልህና ንብረትህ እንዳይበረበር፣ በስልክም ሆነ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የምታደርገው ግንኙነት እንዳይደፈር ይጠብቅሃል። መብቱ ፍጹም አይደለም። ንዑስ አንቀጽ 3 ሊገደብ ይችላል ይላል፤ ነገር ግን አስገዳጅ ሁኔታ መኖር አለበት፣ ዝርዝር ሕግ መኖር አለበት፣ ዓላማውም እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም ወይም ወንጀልን መከላከል ያለ መሆን አለበት። ብዙ ሰው፣ አንዳንድ መርማሪም ጭምር፣ የመጨረሻዋን ብቻ ያነባል። «ብሔራዊ ደኅንነት» ተብሎ ሲነገርህ የተነገረህ ዓላማው ነው። የፍርድ ቤት ማዘዣው የታል?

ብዙ የተተቸው የ2001ዱ የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 እንኳ ስልክ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። (በሌላ በኩል ደግሞ የመረጃ ሪፖርት ምንጩ ሳይገለጽ ማስረጃ እንዲሆን ይፈቅድ ነበር፤ እሱን ያየ ጠበቃ አይረሳውም።) በ2012 በአዋጅ ቁጥር 1176 ተተክቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም መነሻው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። አንድ ጠባብ በር ግን ትቷል። ቁልፍ መሠረተ ልማትን የሚጎዳ ወንጀል አለ ተብሎ በበቂ ምክንያት ሲታመንና ነገሩ አጣዳፊ ሲሆን፣ ያለ ትእዛዝ ክትትል እንዲደረግ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሊፈቅድ ይችላል፤ የዚያ መሥሪያ ቤት ሥልጣን ዛሬ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋ ነው። ምክንያቱም በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። ከዚህ ሌላ አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ምን እንዳወራህ ሳይሆን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘህ የሚያሳየውን ማለት ነው።

ቦምብ የሚያጠምድ ሰው ስልክ አይሰማ የሚል ጠበቃ አላውቅም። እኔም አልልም። ክርክሩ ሌላ ነው፤ ማየት የሚፈልገውና ማየት የሚፈቅደው አንድ ሰው ይሁን ወይ ነው። ዳኛው መሀል የገባው ለዚህ ነው። አሁን ችግሩ የት እንደሆነ ታያለህ። አንተ ራስህ ስልኩን ስትከፍት ዳኛው ጋ የሚሄድ ሰው አያስፈልግም።

ስለ ድምፁና ስለ ባትሪው፦ ሁለቱም ማስረጃ አይሆኑም። ባትሪ ያረጃል፣ መስመር ይንሿሿል። ያሰጋሃል ካልክ ባለሙያ ይየው፤ ግን ይዘኸው ፍርድ ቤት አትሂድ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደንበኞቼ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ሰው መንግሥት ይጠልፈኛል ብሎ ሲሰጋ ይኖራል፤ አፕ ይቀይራል፣ ሲም ይቀይራል፣ ስልክ ላይ በቅኔ ያወራል። ከዚያ አንድ ቀን በትህትና ሲጠየቅ ሙሉ ስልኩን ከነመክፈቻው አስረክቦ ይወጣል።

አንድ ደንበኛዬ አንድ ፎቶ ብቻ ሊያሳይ ነበር ያቀበለው። ሐሙስ ዕለት ሌላ ቦታ እንደነበረ የሚያሳይ ፎቶ፤ የሚጠቅመው ፎቶ ነው። መርማሪው አየው፣ «ጥሩ» አለ፣ ጣቱ ግን አልቆመም። ወደ ረቡዕ ሄደ። ወደ ማክሰኞ። ከዚያ ወደ ባለፈው ወር። ደንበኛዬ «ይበቃል» ማለት አፈረ። ይበቃል ማለት ራሱ የሚያስጠረጥር መሰለው። ክሱ የመጣው ከማክሰኞው ፎቶ ነው።

ልዩነቱን አስተውል። ማዘዣ ልክ አለው። ምን እንደሚፈለግ ይጽፋል፣ ብርበራውም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በቀር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታው 12 ሰዓት ብቻ ነው፣ የተያዘው ዕቃ ተዘርዝሮ በገለልተኛ ሰው እንዲፈረምበት የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ያዛል። ፈቃድህ ግን ልክ የለውም። ፎቶው፣ ግሩፑ፣ የሚስትህ መልእክት፣ ያልሰማኸው የድምፅ ቅጂ፣ ሁሉም «በፈቃዱ ያሳየን» ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ የጓደኞችህን መልእክትም ሰጥተሃል፤ እነሱን ማንም አልጠየቃቸውም።

«ሕገ ወጥ ከሆነ ማስረጃው ይጣላል አይደል?» ትለኝ ይሆናል። ፊልም ላይ አዎ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በራይሊ ጉዳይ የታሰረን ሰው ስልክ ለመፈተሽ ማዘዣ ያስፈልጋል ብሏል፤ እዚያም ቢሆን ባለቤቱ በፈቃዱ ከሰጠ ነገሩ ይለወጣል። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የተበረበረ ነገር ሁሉ ይውደቅ የሚል ጥርት ያለ አጠቃላይ ድንጋጌ ግን አታገኝም። ስለዚህ ስህተቱን በኋላ ፍርድ ቤት ያስተካክልልኛል ብለህ አትዝናና። አንተ ደግሞ ግምቴ ልክ ከሆነ አልተገደድክም፤ ፈርመሃል። ተገድደህ ከሆነ ግን፣ ማስፈራሪያ ከነበረ፣ «ቤተሰብህን እንጠራለን» ዓይነት ነገር ከተባልክ፣ ያ ትልቅ ጉዳይ ነውና ለጠበቃህ አንድም ቃል ሳትቀንስ ንገረው።

ወደፊት ከተጠየቅክ የምትለው አጭር ነው፦ «ጠበቃዬን ሳላማክር አልከፍትም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካለ ልየው።» ድምፅህን አታንሳ፣ ስልኩን አትንጠቅ፣ አትሩጥ። ከወሰዱት ይውሰዱት፤ አንተ የተወሰደውን ዕቃ ዝርዝር ጠይቅ። ትእዛዝ ካሳዩህ ስሙን፣ ቀኑንና ምን እንደሚፈለግ አንብብ፣ አታደናቅፍ። የይለፍ ቃል ስጥ ስትባል ምን ታደርጋለህ የሚለውን በጽሑፍ አልመልስልህም፤ ጠበቃህ አጠገብህ ሆኖ የሚወሰን ነገር ነው።

ሌላው ያልነገርከኝ ነገር፦ ግሩፑ ውስጥ ስንት ሰው ነበር? አሥር? ሁለት መቶ? ሁሉንም በአካል ታውቃቸዋለህ? የቴሌግራም ግሩፕ እንደ ሚስጥራዊ ቻቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሠጠረ (ላኪና ተቀባይ ብቻ የሚያነቡት) አይደለም። የተመሠጠረ ቢሆን እንኳ ለውጥ የለውም። አንድ አባል ስክሪንሾት ካነሳ ጠላፊም ፍርድ ቤትም ሳያስፈልግ ያለቀ ነገር ነው። መርማሪው ያነበበልህን ከስልክህ ያግኘው ከጓደኛህ ስልክ አናውቅም። ይህ ካልታወቀ የማንን ጥፋት ነው የምንከሰው?

አሁን ልቆጣህ ነው። ግሩፑን ለምን አጠፋኸው? «ለጥንቃቄ» ትላለህ። ምርመራ እንዳለ አውቀህ ካጠፋህ ማስረጃ አጠፋ ሊባል ይችላል፣ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የጎዳኸው ራስህን መሆኑ ነው። መርማሪው ሦስት መስመር ይዟል እንበል። ከሦስቱ በፊት ያሉት አርባ መስመሮች ቀልድ እንደነበሩ የሚያሳየው አንተ ያጠፋኸው ነው። ከእንግዲህ ምንም አታጥፋ፣ ስልኩንም ሪሴት አታድርግ፣ ጓደኞችህንም አጥፉ አትበላቸው። የቀረ ቅጂ ያለው ሰው ካለ ለጠበቃህ ንገረው።

መክሰስ? በመርህ ደረጃ ይቻላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለሥልጣን በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት ካሣ መጠየቅ አለ፤ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የምታቀርብበት ጊዜ ገደብ፣ 2 ዓመት ነውና አትተኛ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አቤት ማለትም ትችላለህ። ነገር ግን መጀመሪያ ያ ወረቀት ይታይ። የመጀመሪያው መከላከያቸው ፊርማህ ነው። ደግሞም ምርመራው ካልተዘጋ ክስ መክፈት የተኛ ነገር መቀስቀስ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚመዝን ጠበቃ መዝገብህን ያየ መሆን አለበት፤ እኔ ያየሁት አንድ ደብዳቤ ነው፣ እሱም ግማሹ የለም። አዋጆቹም ይሻሻላሉ፤ የምጠቅስልህን ቁጥር ሁሉ ጠበቃህ ከነጋሪት ጋዜጣ ያመሳክር።

ጠበቃ ጋ ስትሄድ መጥሪያው ካለ ይዘህ ሂድ። የፈረምክበትን ቅጂ ጠይቅ፤ ካልሰጡህ የጠየቅክበትን ቀንና የመለሰልህን ሰው ማዕረግ ጻፍ። ስልኩ ስንት ሰዓት ተወሰደ፣ ማን ነበር፣ ምን ተባልክ፣ መቼ ተመለሰ፣ ሁሉንም ዛሬ ማታ ሳትረሳው ቁጭ ብለህ ጻፈው። ወረቀት ላይ። ስልኩ ላይ አይደለም።