ጃኬቱ ከበሩ ኋላ ይመለስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ይህን አምድ ሁሌ አነባለሁ፣ አንድ ቀን ራሴ እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የ39 ዓመት ሴት ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከሦስት ዓመት በፊት ታሞ አረፈ። አምስት ልጆች ናቸው የቀሩኝ፣ ትልቋ 16፣ ትንሿ 5 ዓመቷ ነው። በኋላ እንደኔው የትዳር ጓደኛው የሞተችበት ሰው ተዋወቅሁ። ደግ ሰው ነው። እሱም አራት ልጆች አሉት። ተጋብተን ዘጠኝ ልጆች ይዘን እኔ ቤት ከተጠቃለልን አራት ወር ሆነን።

የሚሰማ ሁሉ «ጎሽ፣ ቤት ሙሉ በረከት» ይለናል። እኛ ግን እንቅልፍ ካየን ቆየን። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ኮቱን ሊሰቅል ሲል ከበር ኋላ የነበረውን የልጆቼን አባት ጃኬት አንስቶ አልጋ ላይ አስቀመጠው። ክፉ አስቦ አይደለም። የ11 ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲገባ አየው። ምንም አልተናገረም። ጃኬቱን አንስቶ ለበሰው፣ እጅጌው ጣቶቹን ውጦ ወደ ታች ይንጠለጠላል፣ እንደለበሰው እራት ሳይበላ ተኛ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባለቤቴን አያናግረውም።

የባለቤቴ የ13 ዓመት ልጅ ደግሞ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ታናናሾቿን የምታጥብ፣ የምታስጠና፣ የምታስተኛ እሷ። አሁን እኔ ሳህን ካነሳሁ ከእጄ ትቀበለኛለች፣ ቀስ ብላ ነው፣ ግን ፊቷን አጥቁራ። እኔ የሱን ልጆች ስቆጣ ፊቱ ይለዋወጣል። እሱ የኔን ሲቆጣ እኔ ውስጤ ይቃጠላል። እሱ «ሁሉም እማ፣ አባ ይበሉን፣ የሟቾቹ ፎቶ ከሳሎን ይውረድ፣ ያኔ አንድ ቤተሰብ እንሆናለን» ይላል። ቸኩለን ይሆን? ፎቶዎቹስ ይውረዱ?
*የዘጠኝ ልጆች እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልን። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ጃኬቱ ጋ ስደርስ ሁሌ እቆማለሁ። ስለዚህ ከሱ ልጀምር።

ጃኬቱ ከበሩ ኋላ ይመለስ። መላሹ ደግሞ አንቺ ሳትሆኚ ባለቤትሽ ይሁን፣ ልጁ እያየው። ንግግር አያስፈልግም። «ሳልጠይቅህ ማንሳት አልነበረብኝም፣ ይሄ የአባትህ ቦታ ነው» ብሎ ይስቀለውና ይውጣ። ልጁ መልስ ላይሰጥ ይችላል፣ አይጠብቅበት። ኮቱን የሚሰቅልበት ሌላ ቦታ አይጠፋም። ፎቶዎቹም አይውረዱ። እንዲያውም የሱ ልጆች እናት ፎቶ እዚያው ግድግዳ ላይ፣ ከልጆችሽ አባት ፎቶ ጎን ይሰቀል። ቦታውን አራቱ ልጆች ይምረጡ።

ይህን የምልሽ ለስሜት ብዬ አይደለም። ፊሊስ ሲልቨርማን እና ዊልያም ዎርደን የሚባሉ ተመራማሪዎች ወላጅ የሞተባቸውን 125 ልጆች፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ያሉ፣ ከ70 ቤተሰብ፣ ለሁለት ዓመት ያህል ተከታትለው ነበር። ብዙዎቹ ልጆች የሟቹን አንድ ዕቃ ይዘዋል። ብዙዎቹ ወላጃቸው ከላይ ሆኖ እንደሚያያቸው ይሰማቸዋል፣ የሚያወሩትም ነበሩ። ድሮ የባለሙያዎቹ ምክር «ከሟች ጋር ያለው ገመድ ካልተቆረጠ ሰው አዲስ ሕይወት አይጀምርም» የሚል ነበር። እነዚህ ልጆች ያሳዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ገመዱን አይቆርጥም፣ አያያዙን ይለውጣል። የ11 ዓመቱ ልጅሽ ያን ቀን ያደረገው ይህንኑ ነው። አባቱን ለብሶት ተኛ።

አሁን ከባለቤትሽ ጋር ሲተያይ በልቡ የሚለው ምን ይመስልሻል? «ይህን ሰው ከወደድኩት አባቴን ከዳሁት።» ልጆች ይህን በቃል አይናገሩትም፣ በኩርፊያ ነው የሚያሳዩት። አባትና እናቱ የተፋቱበት ልጅ ቢያንስ አባቱን ሄዶ ያገኘዋል፣ ይጣላዋል፣ ይታረቀዋል። ያንቺ ልጅ ይህ የለውም። እናቱ ስታገባ ደግሞ አባቱ በእውነት እንደማይመለስ ሁለተኛ ጊዜ ይነገረዋል። ስለዚህ ብቻችሁን ስትሆኑ አንቺው ንገሪው፦ እሱን መውደድ ግዴታህ አይደለም፣ ብትወደውም አባትህ ምንም አይጎድልበትም። አንዴ ነግረሽው አይበቃም።

ትንሿ ልጅሽ ጉዳይዋ የተለየ ነው። አባቷ ሲሞት ሁለት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ሞት የማይመለስ ነገር መሆኑ አይገባውም፣ በ5 ዓመትም ገና በደንብ አይገባውም። በሰባት በስምንት ዓመቷ ሲገባት እንደ አዲስ ልታለቅስ ትችላለች፣ ያኔ «ከየት የመጣ ለቅሶ ነው?» እንዳትሉ። እሷ ትዝታ የላትም፣ ትዝታ የሚሰጧት እናንተ ናችሁ። ታላቅ እህቷ ስለ አባታቸው ታውራላት።

አሁን ወደ ብዛታችሁ። ወረቀት ላይ አስልቼው ነበር። አንቺና አምስቱ ልጆችሽ ስድስት ሰው ናችሁ፣ በመካከላችሁ 15 ጥንድ ግንኙነት አለ። እሱና አራቱ ልጆቹ አምስት ናቸው፣ 10 ጥንድ። አንድ ጣራ ሥር ስትገቡ ግን 11 ሰው ሆናችሁ፣ ጥንዱም 55 ሆነ። 30ው አዲስ ነው ማለት ነው። ከነዚህ ከ30ዎቹ ውስጥ ሰዎቹ ራሳቸው ፈልገው የመረጡት አንዱን ብቻ ነው፣ ያንቺንና የባለቤትሽን። 20ው በልጅና በልጅ መካከል ነው፣ ዘጠኙ በእናንተና በየእንጀራ ልጆቻችሁ መካከል። ይህ ሁሉ በአራት ወር እንዲበስል መጠበቅ ራስን መግደል ነው። በእንጀራ ቤተሰብ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፓትሪሺያ ፓፐርናው ፈጠኑ የሚባሉት ቤተሰቦች እንኳ 4 ዓመት ገደማ፣ አብዛኞቹ ደግሞ 7 ዓመት ያህል እንደሚፈጅባቸው ጽፋለች። ዓመት ነው እህቴ፣ ወር አይደለም። ቸኩለን ይሆን ላልሽው፣ ጋብቻው አልቸኮለም። የቸኮለው «አንድ ቤተሰብ እንሁን» የሚለው ነገር ነው።

ስለዚህ ዘጠኙን ባንድ ላይ ሰብስቦ ማዋሃድ ይቅር። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ያዙት። አንቺ ከሱ ልጆች አንዱን ብቻ ይዘሽ ውጪ፣ ሌላ ቀን ሌላውን። እሱም እንደዚያው። ሥራ እየሠሩ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ «እንዴት ነህ» መባል ልጅ ያስጨንቃል፣ ብስክሌት አብሮ ሲጠገን ግን ወሬ ራሱ ይመጣል። በተጨማሪ፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ አንቺና አምስቱ ልጆችሽ ብቻችሁን የምትሆኑበት ሰዓት በሳምንት አንዴ ይኑር። እሱና አራቱም እንዲሁ። ቤተሰቡን መክፈል እንዳይመስልሽ። እናቱን እንዳልተቀማ ያረጋገጠ ልጅ ነው ለሌላው ቦታ የሚለቅ።

የ13 ዓመቷ ልጅ ነገር በጣም ያሳስበኛል። አንቺ ገብተሽ «አረፍ በይ፣ አሁን እኔ አለሁ» ስትያት እንደ ደግነት ነው ያየሽው። እሷ የሰማችው «ከሥራሽ ተባረሻል» የሚል ነው። ያ ሳህን እናቷ ከሞተች ወዲህ ቀጥ አድርጎ ያቆማት ነገር ነው። አትንጠቂያት። ጠይቂያት። «ትንሹ ወንድምሽ ሌሊት ሲነቃ ምን ታደርጊለት ነበር?» በያት፣ የነገረችሽንም አድርጊው። ከዚያ ቀስ እያልሽ አንድ አንድ ነገር ተቀበያት፣ መጀመሪያ እሷ ራሷ የምትጠላውን ሥራ። ልጅነቷ ይመለስላት፣ ግን ክብሯን ሳታጣ። አንድ ቀን በትንሽ ነገር ተነጫንጫ ካለቀሰችብሽ ደስ ይበልሽ፣ ልጅ መሆን ጀመረች ማለት ነው።

የ16 ዓመቷ ልጅሽም እንዳትረሳ። ዝም ያለች ልጅ ደህና ትመስላለች። የባለቤትሽን ታላቅ ልጅ ዕድሜ አልነገርሽኝም፣ ግን በየቤቱ አንድ አንድ የበኩር ልጅ ነበር፣ አሁን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሆኑ። ትንሿም እንደዚሁ፣ ከሱ ልጆች ከሷ የሚያንስ ካለ የመጨረሻ መሆኗ ቀረ። ታላቅነት በዕድሜ ቆጠራ እንደ አዲስ አይታደል። እሷ ለአራቱ ታናናሾቿ ታላቅ ናት፣ የሱም በኩር ለሦስቱ ታላቅ ነው፣ በዚሁ ይቀጥል። ደግሞ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ፣ ትናንት የማይተዋወቁ ወንዶችና ሴቶች ናቸው አንድ ቤት የገቡት። መኝታ ክፍላቸው ይለይ፣ መታጠቢያ ቤቱ ከውስጥ ይቆለፍ፣ ሳያንኳኩ መግባት ለማንም ክልክል ይሁን፣ ለናንተም ጭምር።

ቁጣን በተመለከተ አጭር መልስ አለኝ። ለጊዜው የሱን ልጆች እሱ፣ ያንቺን አንቺ። የቤቱን ሕግ ማታ ሁለታችሁ ተመካከሩበት፣ ለየልጆቹ የሚናገረው ግን የወለደው ነው። እሱ በሌለበት አንድ ነገር ቢፈጠር «አባታችሁ እንዲህ ብሏል» በያቸው እንጂ የራስሽን ሕግ አታውጪ። የእንጀራ ወላጅ ከመወደዱ በፊት ሲቆጣ፣ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ልጁ የሚሰማው ቁጣውን ብቻ ነው።

«እማ» በግድ አይባል። ያ ስም ለአራቱ ልጆች የአንድ ሰው ስም ነው፣ እሷም ሞታለች። በስምሽ ይጥሩሽ፣ ወይ ራሳቸው የሚያወጡልሽ የቁልምጫ ስም ይኑር። «የእንጀራ እናት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ከነተረቱ ክፉ ሆኖ ነው ያደግንበት፣ ስለዚህ «የእንጀራ» እየተባለ እንዲጠራ ማንንም አታስገድዱ።

ንብረት ላይ ብዙ አልልም። የሟቾቹ ውርስ የየልጆቻቸው ድርሻ አለበት። ባላችሁበት አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አነጋግራችሁ፣ የማን ምን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ትልልቆቹም ይወቁት። «አባቴ የሠራውን ቤት የሰው ልጆች ሊወስዱብኝ ነው» የሚል ፍርሃት ያለበት ልጅ ፍቅር የሚሰጥበት አቅም የለውም።

እናንተም አልቅሱ። ሁለታችሁም የሞተባችሁ ሰዎች ናችሁ። የሙት ዓመቱ ሲደርስ ባለቤትሽ የመጀመሪያ ሚስቱን አስቦ ዝም ቢል ከኔ ጋር አኩርፎ ነው አትበይ። የ11 ዓመቱን ልጅሽን ደግሞ በደንብ ተከታተዪው። ሳምንታት አልፈው መብላትም መተኛትም ካቃተው፣ ከጓደኞቹ ሁሉ ከራቀ፣ «ብሞት ይሻላል» ዓይነት ቃል ከወጣው፣ ያን ዕለት ባለሙያ ጋ ውሰጂው። እስከ ነገ አታሳድሪው።

ጥያቄ፦ ልጄን ከቀበርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የሷ ባል አሁን ልጆች ያሏትን ሴት አገባ። አልፈርድበትም፣ ወጣት ነው። ግን የልጄን ልጆች ላያቸው ስሄድ ሌሎቹ ልጆች ዳር ቆመው ያዩኛል፣ እኔም ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለልጅ ልጆቼ ብቻ ስጦታ ይዤ እሄዳለሁ። ሴትየዋ ምንም አትለኝም፣ ግን አፍራለሁ። መሄዱን ልተወው?
*አያት*

መልስ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ልጅን መቅበር ከባድ ነው፣ ሁለት ዓመትም ምንም አይደለም።

እባክዎ መሄዱን አይተዉት። እነዚያ ልጆች እናታቸው በልጅነቷ ምን እንደምትወድ፣ ምን እንደምትፈራ፣ እንዴት እንደምትስቅ የሚጠይቁት ሰው እርስዎ ነዎት። አባታቸው የሚያውቃት ካደገች በኋላ ነው። እርስዎ ከቀሩ የእናታቸው ልጅነት አብሮ ይቀራል።

ዳር የቆሙትን ልጆች ግን በስማቸው ይጥሯቸው። ያንን ብቻ። ስማቸውን ካላወቁ ይጠይቋቸው፣ በሚቀጥለው ሲመጡ እንዳይረሱት። እንደ ልጅ ልጆችዎ እንዲወዷቸው ማንም አይጠብቅብዎትም። ስጦታውን ሁሉም እኩል የሚቋደሱት ነገር ያድርጉት፣ ለልጅ ልጆችዎ ለብቻ የሚሰጡት ካለዎት ደግሞ ለብቻቸው ሲሆኑ ይስጧቸው። አንድ ቀን ደግሞ ሴትየዋን ከልጆቹ ፈቀቅ አድርገው «ልጆቼን ስለያዝሽልኝ አመሰግናለሁ» ይበሏት። ለምን ዝም እንደምትልዎት አላውቅም፣ ምናልባት እሷም እርስዎን ስለምትፈራ ነው። የልጅዎን ፎቶ ይዘው ሊሄዱ ካሰቡም አስቀድመው ደውለው ለሷ ይንገሯት፣ የት እንደሚሰቀል አብራችሁ ታያላችሁ።