የእናቴን መታሰቢያ ዛፍ የት ልትከል?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ ከሚኖሩ አንባቢዎቻችን ዛፍ መትከልንና መመልመልን የሚመለከቱ ሦስት ደብዳቤዎች ስለደረሱን፣ የዚህን እትም የጥያቄና መልስ ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ እናቴ አዲስ አበባ ላይ ካረፈች በመጪው ሐምሌ ዓመት ይሞላታል። ለቀብሯ አልደረስኩም፤ አርባዋንም ያወጣሁት እዚሁ ነው። ለሙት ዓመቷ በፔትዎርዝ ከምኖርበት ቤት ፊት ለፊት፣ በእግረኛ መንገዱና በመኪና መንገዱ መካከል ባለችው ባዶ አፈር ላይ፣ በግቢያችን የነበረውን የመሰለ ጽድ ልተክልላትና ስሟ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ግንዱ ላይ ልመታበት አስቤአለሁ። ጎረቤቴ ግን «መሬቱ የከተማው ነው፤ ይነቅሉብሻል» አለችኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር የእናትዎን ነፍስ ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት።

ጎረቤትዎ ስለ መሬቱ የነገሩዎት ትክክል ነው። እዚህ «ትሪ ቦክስ» የሚሏት ያቺ አፈር የከተማው ናት፤ በእርሷ ላይ የሚቆመውን ዛፍ የሚመርጠው፣ የሚተክለውና የሚመለምለው በከተማው የትራንስፖርት መምሪያ ሥር ያለው የከተማ ደን ክፍል ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ በበርካታ የዲሲ ሰፈሮች ከእግረኛ መንገዱ ወዲህ ያለው፣ ባለቤቱ ሣሩን የሚያጭድበትና አበባ የሚያለማበት የፊት ግቢ ጭምር በመዝገብ የሕዝብ ይዞታ መሆኑን ነው። ስለዚህ ከቤትዎ ፊት አካፋ ከማንሳትዎ በፊት የይዞታዎ ወሰን የት ላይ እንደሚያበቃ በፕላኑ ያረጋግጡ።

ይህ ማለት ግን አሳብዎ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። በከተማው የአገልግሎት ስልክ በ311 ደውለው ያቺ ባዶ ቦታ ዛፍ እንዲተከልባት ያመልክቱ፤ ከተማው ያለ ክፍያ ይተክላል። ዛፉ ከተተከለ በኋላ «ካኖፒ ኪፐር» በሚባለው መርሐ ግብር የዛፉ ጠባቂ ሆነው ይመዝገቡ። ግዴታዎ ለሁለት ዓመት ውኃ ማጠጣት ሲሆን፣ በሞቃቱ ወራት አንድ ወጣት ዛፍ በሳምንት 25 ጋሎን፣ ማለትም አምስት ጀሪካን የማይሞላ ውኃ ይፈልጋል። ለሁለት በጋ በየሳምንቱ ውኃ ይዞ ከቤት መውጣት ከማንኛውም ሰሌዳ ይልቅ ለእናትዎ መታሰቢያ የቀረበ ነው ብዬ በሙሉ ልቤ አምናለሁ።

ሰሌዳውን እንዲተዉት የምለምንዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። በሕዝብ ዛፍ ላይ ጽሑፍ ማንጠልጠል የተከለከለ ነው፤ ባይከለከል እንኳ ምስማር ለበሽታ በር የሚከፍት ቁስል ይተዋል፣ ሽቦም ግንዱ በወፈረ ቁጥር ልጡን እየቆረጠ ይገባል።

ስለ ወቅቱ ደግሞ አደራ እላለሁ። በአገራችን ሐምሌ ዝናቡ የሚያጠግብበት የችግኝ ወር ነው፤ የዲሲ ሐምሌ ግን አዲስ የተተከለ ዛፍ ሥሩን ሳይዘረጋ በሙቀት የሚያልቅበት ነው። እዚህ ዛፍ የሚተከለው ከኦክቶበር ጀምሮ እስከ ፀደዩ መግቢያ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት ነው። በሐምሌ ተዝካሯን ያውጡ፤ ለከተማው የሚያቀርቡትንም ማመልከቻ አስቀድመው ያስገቡ፤ ተከላውን ለኅዳር ያቆዩት።

ጽዱን በሚመለከት ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። የሐበሻ ጽድ የዚህን አገር ክረምት ይቋቋማል ብዬ አልመክርዎትም። ነገር ግን በዚሁ በዋሽንግተን ዙሪያ በየመስኩ ዳር በራሱ የሚበቅለው፣ «ኢስተርን ሬድ ሲዳር» የሚሉት ዛፍ ስሙ ሴዳር ይሁን እንጂ በዘሩ ጽድ ነው፤ ከእኛው ጽድ ጋር የአንድ ወገን ልጆች ናቸው። ቅጠሉን በጣትዎ መካከል አሸት አድርገው ሲያሸቱት ዝምድናው ይገባዎታል። ቅርንጫፉ ከታች ጀምሮ ስለሚዘረጋ የእግረኛና የአሽከርካሪ እይታ ለሚጋረድበት የመንገድ ዳር አይስማማም። የራስዎ የሆነ የጓሮ መሬት ካለዎት ግን ፀሐይ በደንብ የሚያገኝ፣ ውኃ የማይተኛበትና ከቤቱ መሠረት ራቅ ያለ ቦታ ይምረጡለት። ከመቆፈርዎ በፊት በ811 ደውለው የጋዝና የመብራት መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው ማድረግ በሕግ የሚጠበቅብዎት ግዴታ ነው።

በሕዝብ መናፈሻ ልትከል ቢሉ ደግሞ፣ እንደ ሮክ ክሪክና ማልኮም ኤክስ ፓርክ ያሉት በፌዴራል መንግሥት የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚተዳደሩ ስለሆኑ፣ በዚያ በራስ ፈቃድ ችግኝ መትከል ክልክል ነው። ቤተ ክርስቲያንዎ የራሱ ግቢ ካለው ግን ከ2002 ጀምሮ በከተማዋ ዛፍ የሚተክለው ኬሲ ትሪስ የተባለ ድርጅት በጋራ ለሚደረግ ተከላ ያግዛል፤ ዕድራችሁ ቢያመለክት መልካም ነው።

ጥያቄ፦ በጓሮዬ ያለው ትልቅ የኦክ ዛፍ በየዓመቱ በቅጠሉ አሸንዳዬን ይደፍንብኛል። በየቤቱ እየዞሩ ሥራ የሚጠይቁ ሰዎች «አናቱን ብቻ እንቁረጥልህ፤ ዛፉን መጣል ስላልሆነ ፈቃድ አያስፈልግም» አሉኝ። ልስማማ?

መልስ፦ በፍጹም እንዳይስማሙ። በ2002 የወጣውና በ2016 የተጠናከረው የዲሲ የዛፍ ጥበቃ ሕግ አናት መቁረጥን ከመጣል እኩል አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ በራስዎ መሬት ላይ ያለ ዛፍ ቢሆንም።

መጀመሪያ ግንዱን ከመሬት አራት ጫማ ተኩል ከፍ ብለው በሲባጎ ይዙሩትና ሲባጎውን ይለኩት። ዙሪያው 44 ኢንች ከሞላ «ልዩ ዛፍ» ነው፤ ለመቁረጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ ኢንችም ቢያንስ 55 ዶላር ለከተማው የዛፍ ፈንድ ይከፈላል። ለምሳሌ 70 ኢንች የሆነ ጤነኛ ኦክ 3,850 ዶላር ያስከፍላል ማለት ነው። 100 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ «ቅርስ ዛፍ» ተብሎ የተጠበቀ ስለሆነ፣ አደገኛነቱ በከተማው ባለሙያ ካልተረጋገጠ በቀር በገንዘብም አይቆረጥም። ያለ ፈቃድ የሚፈጸም ሥራ ቅጣቱ ከፈቃዱ ክፍያ እጅግ ይበልጣል፤ ሲቀጡ ደግሞ እነዚያ ሰዎች አጠገብዎ አይገኙም።

ሕጉ ባይኖር እንኳ አልመክርዎትም ነበር። በሰፈሬ አናቱ የተጨፈጨፈ አንድ ሜፕል ነበር። በዓመቱ ከእያንዳንዱ ጉማጅ ዙሪያ እንደ መጥረጊያ የተሰበሰቡ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ፈነዱ፤ ከላይ ሲታይ የለመለመ ይመስል ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለ ቡቃያ የሚያያዘው ከግንዱ ልብ ሳይሆን ከልጡ ሥር ስለሆነ፣ ጉማጁም ከውስጥ እየበሰበሰ ስለሄደ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ የበጋ ማዕበል ግማሹን ገንጥሎ በቆመ መኪና ላይ ጣለው።

የሚሻለው የምስክር ወረቀት ያለው የዛፍ ባለሙያ በክረምት፣ ዛፉ ባረፈበት ወቅት፣ የደረቁትንና እርስ በርስ የሚፋተጉትን ቅርንጫፎች ብቻ እንዲያነሳ ማድረግ ነው። በራስዎ ግቢ ለሚደረግ እንዲህ ላለ ተራ ምልመላ ፈቃድ አይጠየቅም። መቁረጫው ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ካለው እብጠት ወጣ ብሎ እንዲያርፍ ይንገሩት፤ ዛፉ ቁስሉን የሚከድነው በዚያ እብጠት ነውና። ለአሸንዳውም ወንፊት ያስገጥሙለት።

ጥያቄ፦ የመንገድ ዳር ዛፍ ቅርንጫፍ ጣሪያዬን ይፍቃል፤ የጎረቤቴም ዛፍ አጥሬን ተሻግሯል። ራሴ ብቆርጣቸውስ?

መልስ፦ የመንገዱን አይንኩ፤ በ311 ያመልክቱ። የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚነካ ከሆነ የሚመለከተው የመብራት ኩባንያውን ፔፕኮን ነው። የጎረቤትዎን ቅርንጫፍ በራስዎ ወጪ እስከ ወሰኑ ድረስ መቁረጥ ይችላሉ፤ ሆኖም ያለ ፈቃዱ ግቢው መግባት ወይም ዛፉን በሚገድል መንገድ መቁረጥ አይችሉም። ምንም እንኳ ሕጉ ቢፈቅድልዎ አስቀድመው በሩን አንኳኩተው ቢያነጋግሩት እመርጣለሁ። የሚኖሩት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሌላ የሜሪላንድ ከተማ ከሆነ ደግሞ የመንገድ ዳር ዛፍን ለመመልመልም ሆነ ለመትከል ከግዛቱ የደን አገልግሎት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በክፍያ ዛፍ የሚቆርጥልዎ ሰውም የግዛቱ ፈቃድ ያለው መሆን ስላለበት፣ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱን እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።