ከቤት እየሠሩ «ከሥራ ቀሪ» መባል

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ኮሮና ከገባ ጀምሮ ከቤት ስንሠራ ቆይተን አሁን ሁላችሁም ቢሮ ግቡ ተብለናል። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፣ የምንኖረውም አንድ ቤት ነው። የልጆቼ ትምህርት ቤት ገና አልተከፈተም። የቅርብ አለቃዬ «ችግር የለም፣ እዚያው ሆነሽ ሥሪ» ስላለኝ ሥራዬን በላፕቶፕ ቀጥያለሁ። የሰው ሀብት ክፍል ግን በየጊዜው ይጨቀጭቀኛል፤ ያለ ክፍያ ፈቃድ ቅጽ ሙዪም ብለውኛል። እኔንም አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥረኛል። ከሥራ ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ አዎ፣ ይችላሉ። ያውም ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (የስንብቱን ቀን አስቀድመው ሳያሳውቁ) እና ያለ ካሳ የሚያሰናብቱበት መንገድ ሊከፈትላቸው ይችላል። ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም የሚለውን ለመመለስ ግን ደብዳቤዎ ውስጥ የሌለ ነገር ያስፈልገኛል።

«ይጨቀጭቀኛል» ብለዋል። በስልክ ነው በደብዳቤ? በደብዳቤ ከሆነ ስንት ደርሶዎታል? ፈርመው ተቀበሉ ወይስ አልቀበልም አሉ? ቢሮ ግቡ ከተባለበት ቀን ወዲህስ ስንት የሥራ ቀን አለፈ? ስለ እናትዎ ሕመምና ስለ ልጆችዎ ትምህርት ቤት በደንብ ጽፈውልኛል፤ ጉዳዩ ችሎት ቢደርስ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ግን ያልጻፉትን ነው። የመሰለኝን ልናገር፦ ቢያንስ አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶዎታል፣ መልስም አልሰጡበትም። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል።

ሕጉን ባጭሩ ልንገርዎ። ጉዳይዎ የሚታየው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ይህም የሥራ መሪ ካልሆኑ ነው፤ «የሒሳብ ክፍል» ብለው የሥራ መደብዎን ስላልነገሩኝ የቅጥር ውልዎን አውጥተው ይመልከቱ። ድርጅቱን ወክሎ ሠራተኛ የሚቀጥርና የሚያሰናብት ኃላፊ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም። ቢሮ ግቢ የሚል ትእዛዝ በውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት ከተሰጠ በመርሕ ደረጃ ሕጋዊ ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ለጊዜው ከቤት መሥራትዎ የሥራ ቦታዎን በቋሚነት ቀይሮታል ማለትም ያስቸግራል። አሠሪውም በበኩሉ የሠራተኛውን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ አለበት። «ኮሮና እያለ ማሰናበት ክልክል ነው» የሚባለውን ይርሱት። ያ ክልከላ የመጣው ከአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ጋር ነው፣ የአዋጁ አምስት ወርም በ2012 መገባደጃ ላይ አልቋል። የእናትዎ ሕመም በአሠሪ ዘንድ መደመጥ ያለበት ምክንያት ነው፤ ለእርስዎ ግን የሕመም ፈቃድ አያስገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ለማሰናበት ከፈቀደባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ ሠራተኛው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ሲቀርና መቅረቱ በአዋጁ ከተዘረዘሩት ፈቃዶች በአንዱ የማይሸፈን ሲሆን ነው። «በድምሩ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ቀኖቹ የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። እርስዎ ቤትዎ ተቀምጠው የባንክ ሒሳብ ሲያስታርቁ ይውላሉ፣ ቢሮ ያለው የሰዓት መቆጣጠሪያ ደግሞ በስምዎ አንጻር «ቀሪ» ይላል። «ሥራዬን ሠርቼ አስረክቤያለሁ፣ ስለዚህ አልቀረሁም» የሚል ክርክር አለ፤ ጥሩ ክርክርም ነው። እኔ ግን ደንበኛዬን በዚህ ክርክር ብቻ ተማምኖ ቤቱ እንዲቀመጥ አልመክረውም።

«አለቃዬ ፈቅዶልኛል» ይሉኛል። በአፍ ነው በጽሑፍ? በቴሌግራም ከሆነ አሁኑኑ፣ ይህን አንብበው ሳይጨርሱ፣ መልእክቱን ያስቀምጡ። ቴሌግራም ላይ ሌላው ወገን መልእክቱን ከእርስዎም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል። የላኪው ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ሳይቆርጡ ስክሪንሾት ያንሱ፤ በኮምፒውተር ላይ ከሚሠራው ቴሌግራም ደግሞ ሙሉ የንግግሩን ታሪክ ወደ ፋይል ያውጡ። ቀጥለው የሥራ ደንቡን ይመልከቱ፦ እንዲህ ያለ ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን የቅርብ አለቃው ነው ወይስ የሰው ሀብት ኃላፊው? አለቃዎ ክፉ ሰው ናቸው እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ለምስክርነት ሲጠሩ እሳቸውም የዚያው ድርጅት ደመወዝተኛ ናቸው፣ በቃል የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ እዚያ ላይ ይሟሟል።

ሠራተኞች ደጋግመው የሚሳሳቱት ሌላው ነገር ደብዳቤ አልቀበልም ማለት ነው። «ካልፈረምኩ አልደረሰኝም» የሚለውን ምክር ማን እንዳስፋፋው አላውቅም፤ ብዙ ሰው ግን ሥራውን ያጣበት ነው። እምቢ ሲሉ ጸሐፊዋ ጀርባው ላይ «ለመቀበል ፈቃደኛ አልሆነችም» ብላ ሁለት ምስክር ታስፈርማለች። የስንብት ማስጠንቀቂያ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ራሱ መፍትሔ አበጅቶለታል፦ ሠራተኛው አልቀበልም ካለ ወይም ካልተገኘ በሥራ ቦታው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለ10 ተከታታይ ቀናት ይለጠፋል። እምቢታዎ ያተረፈልዎት ነገር ቢኖር ደብዳቤው ምን እንደሚል አለማወቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ ይቀበሉ። ከፊርማዎ ሥር በእጅዎ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም፤ ምላሼን በጽሑፍ አቀርባለሁ» ብለው ይጻፉና ቀኑን ያስፍሩ፤ ቅጂ ሳይዙም አይውጡ። ደብዳቤው ውስጥ «ጥፋቴን አምኛለሁ» የሚል መስመር ካለ በዚያ ላይ ሳይፈርሙ ሕግ ባለሙያ ያማክሩ።

ምላሹን አያዘግዩ። ርእሱ «በቁጥር እና ቀን … ለተጻፈው ማስጠንቀቂያ የተሰጠ ምላሽ» ይሁን። ከቤት እንዲሠሩ ማን፣ መቼ፣ በምን እንደፈቀደልዎ ይጻፉ፤ በእያንዳንዱ ቀን ያስረከቡትን ሥራ ኢሜይል ከተላከበት ሰዓት ጋር ይዘርዝሩ። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ይደረግበት። አንቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ማስረጃ እሰበስባለሁ ብለው የድርጅቱን የሒሳብ ሰነድ ወደ ግል ኢሜይልዎ እንዳይልኩ። ያ ራሱን የቻለ የስንብት ምክንያት ሊሆን ይችላል። የቀኖቹና የርእሶቹ ዝርዝር ይበቃዎታል።

ደብዳቤውን የት ሆነው ይጻፉት ካሉኝ፣ ቢሮ ገብተው ነው የምለው። የተጻፈ ፈቃድ በእጅዎ ከሌለ ነገ ይግቡና እዚያ ሆነው ይከራከሩ። በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚቀመጥ፣ መስኮቱ ይከፈት እንደሆነ፣ በፈረቃ መግባት ይቻል እንደሆነ ጠቅሰው በጽሑፍ ይጠይቁ። መልስ ካጡ በአካባቢዎ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት፤ ቅጂውን ይዘው ይሂዱ።

በመጨረሻ ጣል ያደረጓት ነገር ደግሞ አለች፦ «አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥረኛል»። በሕግ ዓይን ከእናትዎ ሕመም ይልቅ ክብደት ያላት እሷ ነች፤ አንድም የሐኪም ወረቀት ግን አልጠቀሱም። ነገ ዛሬ ሳይሉ ይመርመሩ፣ ለጤናዎም ጭምር። የሙከራ ጊዜዎን የጨረሱ ከሆነና ሐኪሙ በማስረጃ ካረጋገጠ የሕመም ፈቃድ መብትዎ ነው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ማስረጃው ሳይኖር ያለፉት ቀናት ግን ወደኋላ ተመልሰው አይሸፈኑም።

ያለ ክፍያ ፈቃድ ቅጹን ለጊዜው አይፈርሙ። እንዲህ ያሉ ቅጾች ብዙ ጊዜ «በራሴ ጥያቄ» ይላሉ፤ ከፈረሙ በኋላ ተገድጄ ነው ማለት ከባድ ነው። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለዎት መጀመሪያ እሱን በጽሑፍ ይጠይቁ።

የቅጥር ውልዎን፣ የሥራ ደንቡን፣ ኅብረት ስምምነት ካለ እሱንም፣ የደረሱዎትን ደብዳቤዎች በሙሉና የቴሌግራሙን ፋይል ይዘው በአካል ጠበቃ ያነጋግሩ። ሰነድ ሳላይ የሰጠሁት አስተያየት ከዚህ አልፎ ሊሄድ አይችልም። የስንብት ደብዳቤ አስቀድሞ ደርሶዎት ሳይነግሩኝ ቀርተው ከሆነ ደግሞ ጊዜ የለዎትም፦ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር፣ ከስንብቱ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ከዚያ በኋላ ጊዜው አልፏል ተብሎ ክስዎ ውድቅ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።