ጁሊያ የመጀመሪያውን ግራፍ ለማውጣት ለምን ያስጠብቀኛል?

ጥያቄ፦ እንዴት ነህ? የደቻቱን አካባቢ የዝናብ መረጃ ጁሊያ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። ስክሪፕቱን ባስነሳሁ ቁጥር የመጀመሪያው ግራፍ እስኪወጣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ እቀመጣለሁ፤ ሁለተኛው ግን ወዲያው ይመጣል። በዚህ ሙቀት ላፕቶፑ ራሱ ምድጃ ሆኗል። ምን ይሻለኛል?
እህትህ፣ ከሳቢያን ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ ላፕቶፕሽ ደህና ነው። ጁሊያ አንድን ፈንክሽን ኮምፓይል የሚያደርገው፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በቀጥታ ወደሚረዳው ማሽን ኮድ የሚቀይረው፣ መጀመሪያ ስትጠሪው ነው፤ ፕሮግራሙን ስትዘጊው ያ ሁሉ ልፋት አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ስክሪፕቱን በየጊዜው ከዜሮ የምታስነሺ ከሆነ ያንኑ ዕዳ ደጋግመሽ እየከፈልሽ ነው።

መጀመሪያ የጁሊያ ቨርዥንሽን እዪ። የመጋላን ሳምቡሳ አስቢ። ከ1.9 በፊት ቀድመው ኮምፓይል የተደረጉ ፓኬጆች (የተዘጋጁ የኮድ ጥቅሎች) ተጠቅልሎ እንደተቀመጠ ሳምቡሳ ነበሩ፤ ዘይት ውስጥ የሚገቡት አንቺ ስታዢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 1.9 ግን ጠብሶ ያስቀምጣል፣ ማለትም የማሽን ኮዱን ራሱን ዲስክ ላይ ያኖረዋል። አሮጌው ላይ ካለሽ ዛሬውኑ ቀይሪ።

ታዲያ ቀድሞ የሚጠበሰው የታዘዘው ብቻ ነው። ኮድሽን ትንሽ ፓኬጅ አድርጊውና ፕሪኮምፓይልቱልስ በሚባለው ፓኬጅ ቀድሞ የሚሮጥ አጭር የናሙና ሥራ ስጪው፤ ፋይል ያንብብ፣ አማካይ ያውጣ፣ ግራፍ ይሳል። ናሙናው ግን ከእውነተኛው መረጃ ጋር በዓይነቱ መግጠም አለበት። እኔ እዚህ ላይ አንድ ቀን ሙሉ አቃጥያለሁ። ናሙናዬ አሥር ንጹሕ ቁጥሮች ነበሩ፤ እውነተኛው ሠንጠረዥ ውስጥ ግን ዝናቡ ያልተመዘገበባቸው ቀናት አሉ፣ ጁሊያ ሚሲንግ የሚላቸው። ሚሲንግ ያለበት ዓምድ ለጁሊያ ሌላ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ እንደ አዲስ ኮምፓይል ያደርግልኝ ነበር። ናሙናው ላይ አንድ ሚሲንግ ስጨምርበት ጥበቃው ቀለለ።

ስትሠሪ ደግሞ ጁሊያን ክፍት አድርገሽ ተዪው። ሪቫይዝ የሚባለውን ፓኬጅ ጫኚ፤ ኮድ ስታርሚ ለውጡን ራሱ ይከታተላል፣ ዘግቶ መክፈት ይቀርልሻል።

ፓኬጅኮምፓይለር የሚባልም አለ። ሁሉንም ጁሊያ ሲነሳ አብሮ በሚጫን አንድ ፋይል፣ በሲስተም ኢሜጅ፣ ያጠቃልላል፣ ግን ሲሠራ ጊዜና ብዙ ራም ይበላል፣ ፓኬጅ ባደስሽ ቁጥርም እንደገና መሥራት ነው። ኮድሽ ገና ከተለዋወጠ አልመክርሽም። ሥራው ረግቶ ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚሮጥ ሲሆን ሞክሪው፤ ያኔም ማታ፣ ነፈስ ሲል አስጀምሪው።