«ፍሉ» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ካርድ ላይ ስለሚሰጠው ኮድ

እህቴ፣ «ሐኪሙ ካርዱ ላይ ፍሉ ብሎ ብቻ ሲተወው ጄ10 ልስጠው ወይስ ጄ11?» ብለሽ ለጠየቅሽው ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር ክሊኒክ ውስጥ ካርድና ሪፖርት ላይ ነው የምሠራው። አይሲዲ 10ን፣ ያን የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ኮድ መዝገብ፣ ተምረሽዋል፣ እሱን ልዝለለው።

1. ላብራቶሪ ቫይረሱን ካልለየው ጄ11 ነው። ጄ10 ቫይረሱ ለታወቀ ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ነው። የፍሉ ምርመራ በሌለበት ክሊኒክ ወሩን ሙሉ ጄ10 ከሞላሽ፣ አንድ ቀን «እስቲ ውጤቱን አምጪ» የሚልሽ ይመጣል።

2. ጉንፋን ሁሉ ኢንፍሉዌንዛ አይደለም። ክረምት ሲገባ ከአዘዞም ይምጣ ከማራኪ፣ ሰዉ «ብርድ መታኝ»፣ «ምች ነው» ነው የሚለው። ሐኪሙ ተራ ጉንፋን ካለ ጄ00 ነው፣ አለቀ። «ፍሉ?» ብሎ የጥያቄ ምልክት ካደረገበት ግን ገና አልወሰነም። ካርዱን ይዘሽ ሂጂና ጠይቂው። ይቆጣል፤ ይቆጣ! አሁንም አልወሰንኩም ካለሽ ምልክቱን ያዢ፦ ትኩሳቱን አር50.9፣ ሳሉን አር05።

3. ጄ09ን ዝም ብለሽ እንዳትነኪ። እኔን ያስለፋኝ እሱ ነው። ዕረፍት ወጥቼ የተካኝ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ «ኢንፍሉዌንዛ» ብሎ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚመጣለት ጄ09 ነው፣ እሱኑ እየተጫነ አለፈ። ጄ09 ማለት ደግሞ እንደ ወፍ ጉንፋን ያለ ከእንስሳት የመጣ ወይም የዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ቫይረስ ተለይቶ ሲገኝ ነው። አዲስ ዓይነት ኢንፍሉዌንዛ ሰው ላይ ከተገኘ የሳምንቱን ሪፖርት አይጠብቅም፣ ወዲያው ነው የሚነገረው። እናም ከዕረፍት ስመለስ ሪፖርቱን የምንልክለት ቢሮ ተጠራሁ። ባለጉዳይ በሞላበት ቢሮ፣ ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ፣ «ጎንደር የወፍ ጉንፋን ገባ እያላችሁን ነው?» አለኝ አንዱ። እኔ አይደለሁም የሞላሁት ብል ማን ሊሰማኝ! ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ከመደርደሪያ አስወጣሁ። አንዱ ላይ በሐኪሙ ጭረት መሳይ ጽሑፍ «ፍሉ ላይክ» (ፍሉ መሰል) ይላል፣ ከሥሩ ፓራሲታሞል። ይሄ ጄ11.1 ነው። ሌላኛው ጭራሽ ፍሉም አይደለም፣ «ኤች ኢንፍሉዌንዛ፣ ኒሞኒያ» ነው የሚለው። እሱ እኮ ባክቴሪያ ነው፣ ሕፃናት በፔንታ ክትባት የሚከላከሉት! ኮዱም ጄ14 ነው። እንግዲህ ያንን ሁሉ የወፍ ጉንፋን ብለን ልከነዋል።

አርሜ ከነደብዳቤው ወሰድኩለት፣ ሳያየው ተቀበለኝ። አሁን ያ ሰውዬ ኮድ ሲጠፋበት የሚደውለው ለማን መሰለሽ? ለእኔ። አነሳለታለሁ፣ ግን በመጀመሪያው ጥሪ አይደለም።

አዎ፣ ረስቼው፦ ፍሉና የሳንባ ምች አንድ ላይ ከተጻፈ ጄ11.0 ብቻውን ይበቃል፣ ቫይረሱ ከታወቀ ደግሞ ጄ10.0። ጄ18.9ን፣ መንስኤው ያልተገለጸውን የሳንባ ምች ኮድ፣ አትጨምሪበት፤ አንዱን በሽተኛ ሁለት ቦታ ትቆጥሪዋለሽ። በዚህም የሚጠራሽ አይጠፋም።